በሦስት ረድፍ የጻፍኩት አንድ ነገር

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የላቦራቶሪ ጓደኞቼ፤

ስለ ዝግጅቱ አመሰግናለሁ። ስለ ግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓት እያየ ለኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ሰዓት መሸለም፣ እንግዲህ ቀልዳችሁን አውቀዋለሁ።

አሁን ዳይሬክተራችን "ያለ አንድ እንከን ያገለገለ" ብለው ሲያሞግሱኝ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ወጣት ብዙዎቻችሁ አታውቋትም። የጋበዝኳት እኔ ነኝ። የእትዬ ብልቃጥ ልጅ ናት። እትዬ ብልቃጥን የማያስታውስ አለ? ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃችንን ያጠቡልን፣ እኛ ደግሞ ስማቸውን ረስተን በሚያጥቡት ዕቃ የጠራናቸው። "እኔ አጥቤው ያልለቀቀውን እናንተ በመድኃኒት ልታስለቅቁ!" እያሉ ይስቁብን ነበር።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል በሦስት ሳምንት ውስጥ የሦስት ሕመምተኞች ናሙና መጣልኝ። ባክቴሪያዎቹ ሦስት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው። ግን ሦስቱም ለእነዚያው አምስት መድኃኒቶች አልበገር ብለዋል።

ለአስተዳደር ሰዎች ላስረዳ። ባክቴሪያ እንደኛ ለልጁ ብቻ አያወርስም። ፕላዝሚድ የምንላት ትንሽ የዘረመል ቀለበት አለች፤ መድኃኒት መቋቋሚያውን ይዛ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ትሻገራለች። ጎረቤቱ ዘመድ ይሁን ባዳ ግድ የላትም። ትናንት በመድኃኒት ድራሹ ይጠፋ የነበረ ባክቴሪያ፣ ስንት ትውልድ መጠበቅ ሳያስፈልገው ዛሬ የሚስቅብን ለዚህ ነው።

በየሳምንቱ እየደመርን የምንልከው ቅጻችን ግን ይህን አያውቅም። ለእያንዳንዱ የባክቴሪያ ዓይነት አንድ ረድፍ አለው። በአንድ ረድፍ ሦስት ሕመምተኛ ካልሞላ ማስጠንቀቂያ አይወጣም።

ወደ ኃላፊዬ ሄድኩ። ያኔ የክፍላችን ኃላፊ እርስዎ ነበሩ፣ ክቡር ዳይሬክተር።

"ቀለበቷ እየተሻገረች መሰለኝ፤ ክፍሉ ይዘጋ" አልኩዎት።

"ቅጹ ላይ ስንት ይላል?"

"አንድ፣ አንድ፣ አንድ።"

"ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ፈርምና ላከው።"

ፈረምኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

በአራተኛው ሳምንት እትዬ ብልቃጥ ለሐሞት ጠጠር እዚያው ክፍል ተኙ። "ሦስት ቀን ነው፤ ብልቃጦቼን እንዳትነካኩብኝ" ብለውን ነው የሄዱት። በአሥራ አንደኛው ቀን ናሙናቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አራተኛ ዓይነት ባክቴሪያ፣ እነዚያው አምስት መድኃኒቶች። እሱንም በራሱ ረድፍ "አንድ" ብዬ ጻፍኩት። በማግስቱ አረፉ።

ልጃቸው ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። "ጋሼ፣ እናቴን የገደላት አዲስ ነገር ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ ልጄ፣ አዲስ ነው፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር" አልኳት። እጄን ይዛ አመሰገነችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ የአራቱን ናሙና ለዘረመል ምርመራ ከላክንበት ሌላ ላቦራቶሪ መልስ መጣ። በአራቱም ውስጥ ያለችው ያቺው ቀለበት ናት ይላል። ደብዳቤው መሳቢያ ገባ። ቅጹም ይኸው እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ባክቴሪያ እንኳ የያዘውን ለባዳ ያካፍላል፤ እኔ ኮሪደር ተሻግሬ አንዲት እውነት መናገር አቃተኝ።

ሰዓቱን ትቼላችሁ እሄዳለሁ። በምትኩ ቅጹ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሩልኝ፤ ባክቴሪያው ምንም ይሁን ምን፣ ለየትኞቹ መድኃኒቶች አልበገር እንዳለ የሚጻፍበት።

ወጣቶቹ ጓደኞቼ፣ "ይህ ልክ አይደለም" ስትሉት ቁጭ ብሎ የሚሰማ ኃላፊ ይስጣችሁ። እሱ ከጠፋም ሳትፈርሙ የምትወጡበት ወኔ ይስጣችሁ። የስንብታችሁ ቀን ስትመሰገኑ ቀና ብላችሁ የምትሰሙ ያድርጋችሁ።

አንቺ ልጄ፣ አዲስ አልነበረም። አውቅ ነበር። ደብዳቤውን ዛሬ ጠዋት ከመሳቢያው አውጥቼዋለሁ፤ ይኸው፣ ያንቺ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም። ዕድሜሽን ያርዝመው። አንድ ቀን ታመሽ አልጋ ብትይዢ፣ ናሙናሽ እንደኔ ካለ ሰው እጅ አይግባ።