በቀይ የተሰረዘው አፈር

አፈር ይሞታል? ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ዓርብ ዕለት የፈተና ወረቀቷን ይዛ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። «ሕይወት ያላቸው» በሚለው ሥር «አፈር» ብላ ጽፋ በቀይ ተሰርዞባታል።

«ቲቸር፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጥግ ምንም አይበቅልም። አፈሩ ሞቷል። በሕይወት ካልነበረ እንዴት ይሞታል? እኔ ከእንግዲህ እጄን አላወጣም።»

ስድስት ዓመት በሰው አገር ስለ ሕያዋን ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። «ሰኞ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኳት።

ቅዳሜ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሰለፍ ከፊቴ ያገኘሁት ራሱን ሰራዡን፣ የልጅቷን መምህር ነው። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ስለሚከፍሉት ተማሪው በሌሉበት «ጋሽ መስመር» ይላቸዋል። እኔንም አስተምረውኛል። ለሌላው ምድብ የሚያባዙት ፈተና እኔ የተፈተንኩት ነው፤ ጥጉ ላይ ያለችው የቀለም ጠብታ እንኳ አልተነካችም።

«ጋሼ፣ ያቺ ልጅ ልክ ብትሆንስ?»

«አፈር አይበላ፣ አይተነፍስ፣ አይወልድ! ወይስ በሄድክበት አገር አፈር አርግዞ አሳዩህ?»

ተሰላፊው ሳቀ።

«አላሳዩኝም። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ታዲያ እርግጠኛ ያልሆንክበትን ልታስተምር ነው? ሃምሳ ስምንት ልጅ አለብኝ። ዛሬ ለአንዷ ብዬ መስመሩን ባጠፋ፣ ነገ ድንጋዩም ተነፈሰ ይሉኛል።»

አልፈረድኩባቸውም። ያን ያህል ልጅ ፊት ለሚቆም ሰው መስመር ምርኩዝ ነው።

«እጄን አላወጣም ብላለች ጋሼ።»

የተባዙትን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርገው ጠርዛቸውን አስተካከሉ። «እጇን ማውጣት መተዋንስ እኔም አይቻለሁ» አሉ። «ና፣ አፈሩን አሳየኝ።»

ትምህርት ቤት ሄደን ከግቢው ዛፍ ሥር አንድ አካፋ፣ ከማቃጠያው ጥግ አንድ አካፋ አፈር አምጥቼ በተበላሹ ኮፒዎች ጀርባ ላይ በተንኩት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አጎነበሱ። ከዛፉ ሥር በመጣው ውስጥ ሁለት የምድር ትሎች፣ አንድ ጥንዚዛ፣ ነጫጭ የሻጋታ ክሮች፣ ደግሞም ስሙን የማላውቀው የሚርመሰመስ ነገር ነበር። በሌላኛው ውስጥ አመድና የቀለጠ ፌስታል።

«ይኼ ሁሉ ጉድ እዚህ ምን ይሠራል?»

«የወደቀውን ቅጠል ይበላል። እሱ ያብላላውን ሥሩ ይመገበዋል፤ ዛፉ ደግሞ መልሶ ቅጠል ያራግፍለታል።»

«አፈሩ ራሱስ?»

«አሸዋው በድን ነው፤ የሚኖርበት ግን ሕያው ነው። በየትኛው በኩል እንደሚጻፍ አሁንም አላውቅም፣ ጋሼ።»

ትሏን በእርሳስ ጫፍ ወደ ጥላው መለሷት። «እንግዲያው የተሳሳተው ፈተናዬ ነው። ቤቱን ከነዋሪው ነጥዬ ጠይቄያለሁ። ለዚህ ነው ስድስት ዓመት የቆየኸው?»

«ይህንን እንኳ ያሳየችኝ ልጅቷ ናት።»

ከዚያ ወዲህ ማቃጠሉ ቀረ። ቅጠሉ ጉድጓድ ገብቶ ይበሰብሳል፤ ልጆቹ ጎመን ተክለውበታል። ማን ማንን እንደሚመግብ በቀስት ይሥላሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ምን እንደሚሆን ይከራከራሉ። በቃል ያነበነቡትን በዓይናቸው ስላዩት አይረሱትም፤ ጋሽ መስመርም «አላውቅም፣ እንየው» ማለት ለምደዋል። መስመሩን ዛሬም ያሰምራሉ፤ ግን በነጥብ በነጥብ ነው።

ልጅቷ ይህን አላየችም። ሰኞ ቦታዋ ባዶ ነበር፤ እናቷ በሥራ ተዛውረው ሌላ ከተማ ገብተዋል። ጋሽ መስመር የእናቷን ስልክ ቁጥር ከመዝገብ ቤት አስፈልገው በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉላቸው፦

«ለልጅዎ ይንገሩልኝ። ሰረዙን አንስቻለሁ። ሰረዝ የሌለበት አዲስ የፈተና ወረቀቷ እኔ ጋ አለ። እጇን ታውጣ።»

መልእክቱ መድረሱን ስልኩ ያሳያል። ሲያስተምሩ ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡታል። ጎመኑ ሁለቴ ተቆርጧል፤ መልስ አልመጣም።