መሬቱን ማን ያርሰዋል?

በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ። ሕዝቡ ውስጥ ተሰብስቧል፤ የግብርና ኢኮኖሚ ተመራማሪው ዶክተር አላምረው ስለ አዲሱ የመሬት ደንብ ሊያስረዳ ሲመጣ፣ እናቱ ሞታበት በልጅነቱ ያሳደገችው አክስቱ ትኩነሽ በሩን ዘግታ ቆማለች።

ትኩነሽ፦ አትገባም! መጀመሪያ ለእኔ መልስልኝ።

አላምረው፦ እቴ፣ ሰው እያየን ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ቤት መጥቼ እናወራለን።

ትኩነሽ፦ ስብሰባው ሲያልቅ የእኔም መሬት ያልቃል። «መሬቱን በእጁ የማያርስ ለሚያርስ ይልቀቅ» ያልከው አንተ ነህ፣ ወይስ ሌላ አላምረው አለ?

አላምረው፦ ብቻዬን አላልኩም። ጥናት ነው። ስንት ወረዳ ዞረን...

ትኩነሽ፦ የእኔንም ቤት ዞረሃላ! እግርህን አጥቤህ፣ አብልቼ አጠጥቼህ። ለካ ያን ዕለት ነው የቀበርከኝ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ!

አላምረው፦ ጠየቅኩሽ፣ መለስሽ። «መሬትሽን ማን ያርሰዋል?» አልኩሽ። «ቢተው ነው የሚያርሰው» አልሽኝ። በቃ።

ትኩነሽ፦ ታዲያ ማን ልበልህ? በዚህ አገር ሴት ዕርፍ ስትጨብጥ አይተህ ታውቃለህ? ሴት በሬ ከጠመደች ዝናብ ይቀራል ይባል የለም? ቢተው በሬዎቹን ይዞ ይመጣል፣ አርሶ ይሄዳል፣ እህሉን እኩል እንካፈላለን። ዘሩን ማን ይመርጣል ብለህ ጠይቀኸኛል? አረሙንስ? አጨዳውንስ? ዝንጀሮውን ማን እንደሚያባርር ጠይቀሃል?

አላምረው፦ ጥያቄው እንደዚያ አልነበረም።

ትኩነሽ፦ ጥያቄውን ማን አወጣው?

አላምረው፦ እኔ።

ትኩነሽ፦ ጎሽ! ፈረንጅ ቢሆን «አገሩን አያውቅም» ብዬ እተወው ነበር። አንተን ግን እዚያው ማሳ ላይ አዝዬህ ነው አረም ስነቅል የዋልኩት።

አላምረው፦ አልረሳሁትም። ግን አንቺም ስሚኝ። በዚህ ቀበሌ መሬት ያጣ ወጣት ሞልቷል። ተምሮ፣ አግብቶ፣ አባቱ ደጅ ቁጭ ያለ። የቢተው ልጅ ራሱ አለ። እሱስ አያሳዝንሽም?

ትኩነሽ፦ ያሳዝነኛል እንጂ! ከወንዙ ማዶ የባለሀብቱ እርሻ ታጥሮ ሙጃ ሲያበቅል ይኸው ስንት ክረምት አለፈ። እሱን ለምን አትነኩትም? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

አላምረው፦ እሱ በሌላ ደንብ ነው የሚታየው። የእኔ ሥራ አይደለም።

ትኩነሽ፦ ያንተ ሥራ ባሏ የሞተባትን ሴት ማራቆት ነው?

አላምረው፦ ይበቃል እቴ! እኔም ሰው ነኝ! ዕድሜዬን የጨረስኩት ለዚህ ገበሬ ነው። ቆላ ደጋ ስል፣ ጥናቴ አንድ ሰው ሳያነበው፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ነው የኖረው። አሁን ገና አንዱ ደንብ ሆነልኝ። አንዱ! እሱንም አንቺ በር ላይ ታዋርጂብኝ?

ትኩነሽ፦ አቧራ ሲጠጣ ማንንም አልበላም ነበር።

አላምረው፦ እሺ፣ ጩኸቱን ተይና ስሚኝ። ደንቡ ልዩ አስተያየት ይፈቅዳል። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሬያለሁ። ያንቺ መሬት አይነካም።

ትኩነሽ፦ የእኔ?

አላምረው፦ ያንቺ። ማንም አይደርስብሽም። አሁን በሩን ልቀቂልኝ።

ትኩነሽ፦ የእናንየስ?

አላምረው፦ እቴ...

ትኩነሽ፦ የጎረቤቴ የእናንየ መሬትስ? ባሏን እኔ ባሌን በቀበርኩበት ክረምት የቀበረችው? የእሷንም ቢተው ነው የሚያርስላት። እንደኛው ባሏ የሞተባት የይመኙሻልስ?

አላምረው፦ ለሁሉም ልዩ አስተያየት ከተደረገማ ምኑን ደንብ ሆነ?

ትኩነሽ፦ አየህ! ጥናትህ ልክ ከሆነ እኔንም ይንቀለኝ። ልክ ካልሆነ እናንየን ለምን ይነቅላታል? ስህተትህን ታውቀዋለህ። አውቀህ ነው ለእኔ በጓሮ በር የከፈትክልኝ።

አላምረው፦ ዛሬ ገብቼ «ተሳስቻለሁ» ብል ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ማንስ ያሠራኛል?

ትኩነሽ፦ «ማን አሳደገህ?» ሲሉህ ምን ትላለህ?

አላምረው፦ ምን ጥያቄ ነው? አንቺ ነሻ።

ትኩነሽ፦ በምኔ? እኔ መች አረስኩ? የበላኸው እህል የቢተው ነው። ደብተርህን የገዛልህ ቢተው ነው። ዶክተር ያደረገህም እሱ ነው። ሂድና ጉልበቱን ሳም!

አላምረው፦ እንደዚህ አትናገሪኝ።

ትኩነሽ፦ የተናገርከው አንተ ነህ። እኔ ያንተን ቃል ነው የመለስኩልህ።

አላምረው፦ እየጠሩኝ ነው። መግባት አለብኝ።

ትኩነሽ፦ ግባ። ይኸው፣ ለቅቄልሃለሁ።

አላምረው፦ ተመስገን። አንቺ ወደ ቤት ሂጂ፤ ማታ... ወዴት ነው? ሴቶቹ እኮ ከኋላ ነው የሚቀመጡት።

ትኩነሽ፦ እኔ ከፊት ነው የምቀመጠው። ተናግረህ ስትጨርስ እጄን አወጣለሁ።

አላምረው፦ እቴ፣ በእናቴ አፅም! «የገዛ አክስቱ ተነሥታ ተቃወመችው» ይሉኛል። ያ ሁሉ ሰው ፊት!

ትኩነሽ፦ ስለ እሱ አታስብ። «አንቺ ማን ነሽ?» ሲሉኝ «አክስቱ ነኝ» አልልም። «ገበሬ ነኝ» ነው የምላቸው።