የአቶ ባንትይርጉ የፊት ጥርስ

(በአንዲት የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ከጥርስ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ፤ የክልል ምክር ቤት አባሉ አቶ ባንትይርጉ ያበጠ ጉንጩን በጋቢ ሸፍኖ፣ ጌሾ ነጋዴዋ ታላቅ እህቱ ወይዘሮ ትሁኔ ክንዱን ይዛ ተቀምጠዋል።)

ባንትይርጉ፦ እታለም፣ ክንዴን ልቀቂኝ። ሰው ያየናል።

ትሁኔ፦ እንዲያይህ አይደል ያመጣሁህ። ይልቅ ጋቢውን ዝቅ አድርገው፤ የሰው በግ የደበቅህ መስለሃል።

ባንትይርጉ፦ መኪናው ከጓሮው በር ቆሟል። አሁን ብነሳ ከምሳ በፊት ከተማ እገባለሁ። ጥርሴ ይጠረጋል፣ ይሞላል፣ ማታ ተመልሼ የድንኳኑን ተከላ አያለሁ። ማንን ጎዳሁ?

ትሁኔ፦ ማን ከፍሎልህ ነው የሚሞላልህ?

ባንትይርጉ፦ ምክር ቤቱ ነዋ። ለአባላት የተለየ ሕክምና አለ። መብት ነው።

ትሁኔ፦ እሱን መብት ዓምና አዳራሽ ሰብስበህ ስታስጨበጭበን አልነገርኸንም። "እኔም እንደናንተው በዚሁ መድን፣ በዚሁ ጤና ጣቢያ እታከማለሁ" ነበር ያልኸው። እልልታውን ያቀለጥሁት እኔ ነኝ። ድምፄ ተዘግቶ ስንት ቀን በጥቅሻ ጌሾ ሸጥሁ።

ባንትይርጉ፦ አልኩ። ጉንፋን ቢይዘኝ እዚሁ እታከም ነበር።

ትሁኔ፦ ለጉንፋን ማን ጤና ጣቢያ ይመጣል? ዝንጅብል ከቤትህ አለ።

ባንትይርጉ፦ ይሄ እኮ የፊት ጥርስ ነው፣ እታለም። ባለሙያው ራሱ አይቶ ምን እንዳለኝ ሰምተሻል። ጥርሱ ይድናል፣ ቢሞላ ዕድሜ ልክህን ያገለግልሃል ብሏል። ግን መድኑ የሚሸፍነው መንቀል ብቻ ነው። መሙያ ዕቃውም እዚህ የለም።

ትሁኔ፦ ለምን መንቀል ብቻ ሆነ?

ባንትይርጉ፦ ሕጉ ነዋ።

ትሁኔ፦ ሕጉን ማን አወጣው?

ባንትይርጉ፦ እንዲህ እንደ ፖሊስ አትጠይቂኝ፣ ያመኛል። ሕግ አውጪ ሁሉ ባወጣው ሕግ ይታከም ከተባለ እኮ ምክር ቤት የሚገባ ሰው አይገኝም።

ትሁኔ፦ የታመመ ሰው ይገባላ።

ባንትይርጉ፦ ቀልድሽ ነው። የኛ ሥራ አጠቃላይ ማየት ነው። ጫማ ሰፊ የሰፋውን ሁሉ ለራሱ አያጠልቅም።

ትሁኔ፦ የጫማ ሰፊውን አላውቅም። እኔ ጌሾ ስሸጥ ገዢ ፊት አንዷን ቅጠል አኝኬ አሳያለሁ። ፊቴ ምርር ሲለው ያን ጊዜ ነው ኪሱን የሚከፍትልኝ። ሳታኝኪ ሽጪ ብትለኝ ጌሾ ተራ ውስጥ አንድ ቀን አልውልም። አንተም ሕግህን አኝክ።

ባንትይርጉ፦ በምኔ ላኝክ? ጥርስህን አስነቅል እያልሽኝ።

ትሁኔ፦ በመንጋጋህ።

ባንትይርጉ፦ ኧረ መንጋጋ አትበዪኝ፣ እሱን ቃል አታንሺብኝ።

ትሁኔ፦ ምን ሆንህ? ፊትህ ተለወጠ እኮ። መንጋጋ ምን አደረገህ?

ባንትይርጉ፦ ምንም።

ትሁኔ፦ ባንቴ።

ባንትይርጉ፦ ያ አንቀጽ የመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል፤ ሽታው ከካፌው እየመጣ ነው። አንዲት አባል ተነስታ መንቀል ብቻ ለምን ይሆናል፣ መሙላትም ይጨመር እንጂ ብላ ያዘች። ነገሩ ሊረዝም ሆነ። እኔ እጄን አወጣሁና ቀልድ ቢጤ ጣል አደረግሁ።

ትሁኔ፦ ምን ብለህ?

ባንትይርጉ፦ "ሰው የሚበላው በመንጋጋው ነው፤ የፊት ጥርስ ለሳቅ ነው። ሳቅን ደግሞ መድን አይሸፍንም" አልኩ።

ትሁኔ፦ ከዚያስ?

ባንትይርጉ፦ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አፈ ጉባኤው እንባውን እየጠረገ ድምፅ አሰጠን። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ምሳ ወጣን።

ትሁኔ፦ ያቺ ሴትዮስ?

ባንትይርጉ፦ እሷም ስቃ እጇን አወጣች። ለሳምንት "የሳቁ ሰውዬ" እየተባልኩ ስጋበዝ ነበር።

ትሁኔ፦ እንግዲያማ ጥርስህ አድራሻውን አውቆ ነው የታመመው።

ባንትይርጉ፦ ሳቂብኝ። እሁድ ሕሊናን ልድር ነው። የሙሽራዋ አባት ልመርቅ ብሎ ሲቆም አፉ መሀል ላይ በር ተከፍቶ ልታዪ ነው? አማቾቻችን ከሩቅ አገር ነው የሚመጡት፤ ካሜራው ደግሞ አፍ አፌን ያየኛል። "ተባረኩ" ስል ምራቄ የሙሽራው ሱፍ ላይ ነው የሚያርፈው።

ትሁኔ፦ ምርቃት እርጥብ ሲሆን ነው ደጉ።

ባንትይርጉ፦ አንቺ ልብ የለሽም።

ትሁኔ፦ ልብማ አለኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት እኔስ መች ተኛሁ። ግን ስማኝ። በአንተ ቃል ነው ጌሾ ተራውን በሙሉ የመድኑ አባል ያደረግሁት። እናኑ፣ ያቺ ከጎኔ የምትሸጠው፣ "ወንድምሽ እዚህ ሊታከም? ቀልደኛ ነሽ" አለችኝ። "ማርያምን፣ ሲያመው እዚሁ አመጣዋለሁ" ብዬ ማልሁላት። ገባች። እሷን አይተው ሌሎቹም ገቡ። ክረምት ላይ ልጇ ምጥ ጠንቶባት ወደ ሆስፒታል ተልካ በኦፕራሲዮን የተገላገለችው በዚሁ መድን ነው። ባይኖራት ኖሮ እናኑ ዛሬ ጥቁር ለብሳ ታያት ነበር።

ባንትይርጉ፦ ታዲያ ጥሩ ሕግ ነዋ። ምን አጨቃጨቀን?

ትሁኔ፦ የመድኑ መታደሻ ደርሷል። ዛሬ ጠዋት ጉንጭህ አብጦ በገበያው መሀል ስታልፍ ሁሉም አዩህ። እንግዲህ እናያለን ብለው ነው የተቀመጡት። እናኑማ ሚዛኗን ለጎረቤት ሰጥታ ተከትላናለች፤ ያቺውልህ፣ አጥሩ ሥር። አንተ በጓሮ ከወጣህ እሷ አታድስም። እሷ ካላደሰች ሌላዋም አታድስም፤ ገበያ ነው፣ ይተያያል። የሚቀጥለው ክረምት የማን ልጅ በምጥ እንደምትያዝ አላውቅም።

ባንትይርጉ፦ እሺ፣ ጥርሴ ቢነቀል ለነሱ ምን ይበቅልላቸዋል? ከምነቀል ይልቅ ተሞልቼ ልሂድና በሚቀጥለው ጉባኤ ማሻሻያ ላቅርብ። መሙላትም ይሸፈን ልበል። አይሻልም?

ትሁኔ፦ ታቀርባለህ?

ባንትይርጉ፦ አባቴ ይሙት።

ትሁኔ፦ አባታችን ከሞተ ቆይቷል። በቆመ ሰው ማል።

ባንትይርጉ፦ ሕሊናን።

ትሁኔ፦ አሁን ስለሚጠዘጥዝህ ነው። ሲሻልህ ከምሳ በኋላ እናየዋለን ትላለህ።

ባንትይርጉ፦ አንቺ ምን አለብሽ፣ የሚነቀለው ያንቺ አይደለም።

ትሁኔ፦ የእኔማ ተነቅሏል።

ባንትይርጉ፦ ምንሽ?

ትሁኔ፦ ይኸው፣ እይ። ጠጋ በልና እይ እንጂ። የላይኛው፣ ካንተ ከሚያምህ ቀጥሎ ያለው። ዓምና ሰኔ ላይ ነው። ባለሙያው "እትዬ፣ ይህ ይሞላ ነበር፣ መድኑ ግን አይሸፍንም" አለኝ። ከኪሴ እንዳልከፍል የጌሾው ገበያ ያን ጊዜ ሞቶ ነበር። አንተ ዘንድ ልደውል ስልኩን አነሳሁና ተውሁት። ወንድሜ ያወጣው ሕግ ነው፣ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ።

ባንትይርጉ፦ ስንቴ ቤቴ መጥተሻል። ስንቴ አብረን በልተናል። አንድም ቀን አላየሁም።

ትሁኔ፦ እንዴት ታያለህ። ስስቅ ነጠላዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ። ገበያ ስትሄድ አስተውል፤ ግማሹ ሴት የሚስቀው እንዲያ ነው።

ባንትይርጉ፦ እኔ ደግሞ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ትሁኔ፦ ለእኛም እንዲመስልልን ነው የምንሸፍነው።

ባንትይርጉ፦ አሳፈርሽኝ፣ እታለም።

ትሁኔ፦ ላሳፍርህ ብዬ አልነበረም፤ አናገርኸኝ። ኧረ ስማ፣ ስምህን ጠሩ። ቁጭ በል፣ አትደንግጥ። ክንዴን ምን አስጨበጠህ?

ባንትይርጉ፦ መርፌውን ሳስበው።

ትሁኔ፦ ውይ ልጄን። እናታችን ስትሞት አንተን ነው አደራ ያለችኝ፤ ጌሾ ተራውን አይደለም። በል ሂድ።

ባንትይርጉ፦ ወዴት?

ትሁኔ፦ ወደ መኪናህ። እኔ እናኑን ወሬ አስይዛታለሁ። ሲመሽ ደግሞ ተነቀለ እላለሁ።

ባንትይርጉ፦ እሁድ ሰርጉ ላይ ትመጣ የለም እንዴ? አፌን አታይም?

ትሁኔ፦ ስትመርቅ ጋቢህን ከፍ አድርገህ አፍህን ሸፈን አድርግ። ስትስቅም እንዲሁ።

ባንትይርጉ፦ ደህና ጥርስ ይዤ ልደብቅ?

ትሁኔ፦ ምን አለበት። እኛ የሌለንን ስንደብቅ ከርመናል፤ አንተ ደግሞ ያለህን ደብቅ።

ባንትይርጉ፦ አንቺስ? በማርያም ምለሽ ያስገባሻትን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየሽ ልትዋሻት ነው?

ትሁኔ፦ እናኑም እንደኔ ታላቅ እህት ናት፣ ብታውቅም ይቅር ትለኛለች። ሂድ አልሁህ፣ ደግመው ጠሩህ።

ባንትይርጉ፦ አቤት፣ አለሁ። ባለተራው እኔ ነኝ፣ መጣሁ።

ትሁኔ፦ ወዴት ነው? የጓሮው በር እኮ በዚያ ነው።

ባንትይርጉ፦ አውቃለሁ። እታለም፣ እሁድ ግን አደራሽን፣ ሰው ፊት እንዳታስቂኝ።

ትሁኔ፦ አስቅሃለሁ እንጂ። እኔም አፌን አልሸፍንም።