የጌሙ ሰይፍና የእማዬ ትከሻ

ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ያ እጅህን እያወዛወዝክ የምትጫወተው ጌም መጣልህ?»

«መጣ ባክህ። ዓመት ሙሉ የተወራለት ሁሉ ውሸት ነው። እኔ ሰይፍ ስሰነዝር ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ዝም ብሎ ቆሞ ያየኛል።»

«ሽጠዋ!»

«ልሸጠው ስል እማዬ ‹እስቲ አምጣው› ብላ በእጅ የሚያዘውን ሪሞት ጨበጠችና እስክስታ መታች።»

«እየቀለድክ ነው!»

«እውነቴን ነው። ትከሻዋን ስትነቀንቅ ሰይፉ ጠላቱን ሁሉ ጨረሰው።»

«ወይ እትዬ! ጥቁር ሳያወልቁ?»

«ከነጥቁር ልብሷ! አባዬ ከሞተ ወዲህ ትናንት ገና ሳቀች።»

«ታዲያ ትሸጠዋለህ?»

«ምን በወጣኝ! አሁንማ ለእኔም ተራ አትሰጠኝም።»

እኔም ማንም እንዳያየኝ ተጠንቅቄ፣ በሻርፔ ስር ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁት።