የጋሽ ቃሌነው ኪሳራ

አናጺው ኮቴ ሲሰሙ ሱቃቸው ውስጥ ባቆሙት ቁምሳጥን ውስጥ ሆነው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጣውላ ነጋዴው ገንዘቡን ሊጠይቅ ዛሬ ይመጣል ስለተባለ ነው ዘለው የገቡት። ቁምሳጥኑን የሠሩት ራሳቸው ስለሆኑ ሁለት ሰው እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ ለአንድ ሽማግሌና ለዕዳቸው ግን ጠበበ።

"ይሄኛው ደህና ይመስላል" አለ የሴት ድምፅ። በሩ ተከፈተ።

የሟች እህታቸው ልጅ ነበረች። ሕግ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ቤት ተከራይታለች፤ ልብስ የምትሰቅልበት ስትፈልግ አጎቷን ተሰቅለው አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ማጠፊያውን እያየሁ ነው።"

"በሩን ከውስጥ ዘግተው?"

"ሲዘጋ ነው ሲጥ ሲጥ የሚለው።"

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ቃሌነው ይላቸዋል። "ነገ ትወስደዋለህ፣ ቃሌ ነው" ሳይሉ ቀብድ ተቀብለው አያውቁማ። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ደንበኛ ጠረጴዛ በሁለተኛው ቀብድ፣ የሁለተኛውን ወንበር በሦስተኛው ቀብድ ይሠራሉ። ጣውላ ሲወደድ ወረፋው ከሱቁ ረዘመ። በቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ የመዝጊያውን ጸሎት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፤ የጸሎታቸውን ርዝመት ሁሉም ያውቃል፣ የዕዳቸውን ግን ማንም።

"ማን ማን ይጠይቅዎታል?" አለች ልጅቱ።

"ነጋዴው አለ፣ ባንኩ አለ። ቀብድ የከፈሉት ደግሞ በትዕግሥት እየጸለዩ ነው ብዬ አምናለሁ።"

"ያለዎት ንብረት ቢሸጥ አይበቃም?"

"እኔን መርቀሽ ብትሸጪውም አይበቃም።"

"እንግዲያው ከስረዋል ጋሼ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስታወቅ ነው።"

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ከነሰጋቱራቸው ከቁምሳጥኑ ወረዱ። "እኔ ክርስቲያን ነኝ! ተበድሮ የማይከፍል ክፉ ሰው መሆኑን ቅዱስ ቃሉ ይናገራል። በማኅተም ልታስክጂኝ ነው?"

"ለመሆኑ ቀጣዩ ቀብድ ከማን ነው?"

"ከልብስ አጣቢዋ። ለልጆቿ አልጋ ትፈልጋለች። ዛሬ ትመጣለች።"

"ጣውላው አለ?"

"በእሷ ብር የነጋዴውን አፍ እዘጋለሁ። ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ያውቃል።"

"እግዚአብሔርማ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ናት።"

እዚህ ላይ አጎትየው ጣውላ ነጋዴው ራሱ በመጣ ብለው ተመኙ። ነጋዴ ይጮሃል እንጂ እንዲህ አይጠይቅም።

"ስሜስ ታዲያ? ጉባኤ ፊት የምቆም ሰው ነኝ እኮ።"

"ስምዎ እንዲቆም የእሷ ልጆች መሬት ይተኙ? ጋሼ፣ ያው ቅዱስ ቃል በየሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው አዝዟል፤ ተበዳሪው ዕድሜ ልኩን ባሪያ ሆኖ እንዳይቀር ነው። አበዳሪ መጣብኝ ብላ የጮኸችዋን መበለትስ ነቢዩ መጀመሪያ ምን አላት? ቤትሽ ምን አለ ብሎ ጠየቃት። ፍርድ ቤቱም የሚጠይቅዎ ያንኑ ነው።"

"ጠበቃና ነቢይ አንድ አይደሉም።"

"ክፍያቸውም አይገናኝም" አለች ሳቅ ብላ። "ያለዎት ተሸጦ ለሁሉም እንደ ሕጉ ይከፋፈላል፤ የጮኸው ብቻ አይወስድም። ከዚያ የተረፈውን ዕዳ ሕጉ ቢተውልዎ እንኳ፣ ሠርተው ሲያገኙ ከመክፈል ማን ይከለክልዎታል? መክሰር በማንም ይደርሳል። መክሰርዎን እያወቁ ከድሃ ቀብድ መቀበል ግን ስርቆት ነው፣ ያውም ጸሎት ተደርጎበት።"

ይህን ጊዜ አጣቢዋ ገባች። በመሐረብ የቋጠረችውን ብር እየፈታች፣ "ይኸው ጋሼ፣ አላሳፈርኩዎትም" አለች።

የሽማግሌው እጅ እንደ ልማዱ ተዘረጋ። መሐረቡ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

"ያዢው ልጄ። ከስሬያለሁ።"

ጣሪያው የሚናድ መስሏቸው ነበር፤ አልተናደም። አጣቢዋ ብሯን መልሳ እየቋጠረች፣ "ታዲያ አልጋውን ማን ይሥራልኝ?" አለች።

"እኔው። ጣውላውን ራስሽ ገዝተሽ አምጪ፤ የእጄን ዋጋ ስጨርስ ትከፍይኛለሽ።"

ማምሻውን ነጋዴው ሲመጣ በር ላይ ቆመው ተቀበሉት፤ የነገሩትም ያንኑ ነው። በሳምንቱ ለጉባኤው ነገሩ፤ የዚያን ዕለት ጸሎታቸው አጭር ነበር፣ ሁሉም በደንብ ሰማው። ሱቁ በፍርድ ቤት ተሸጠ። ለነጋዴው የደረሰው ከጠበቀው ቢያንስም በጩኸት ካገኘው በለጠ፤ ቀብድ የከፈሉትም ድርሻቸውን ወሰዱ። አናጺው ዛሬ በሰው ጓሮ፣ ደንበኛ ራሱ ባመጣው ጣውላ ይሠራሉ። ወረፋቸው አጭር ነው፤ እንቅልፋቸው ረጅም። መንገድ ላይ ሰው ሲጠራቸውም ዘወር ብለው "አቤት" ይላሉ።

ከእጅ ዋጋቸው የተረፈችውን ይዘው ነጋዴው ዘንድ የሄዱ ቀን ሰውየው ግራ ገባው።

"ፍርድ ቤቱ ትቶልዎት የለም እንዴ?"

"እሱማ ትቶልኛል። አንተ መቼ ተውክልኝ?"

ነጋዴው ብሩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ሽማግሌው በር ላይ ሲደርሱ ከኋላ ጠራቸው፤ በነጋዴነት ዘመኑ ለማንም ተበዳሪ ብሎት የማያውቀውንም ቃል አለ፦

"ለቀጣዩ ክፍያ አይቸኩሉ፣ ጋሼ።"