‹እኔም እስማማለሁ› የበዛበት መድረክ

ጋሼ አራሚ ዓይናቸውን ሊታዩ መነጽር ቤት ገብተው ወረፋ ሲጠብቁ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት የወዳጃቸው ልጅ ሆና ተገኘች። ወዳጃቸው ማለት በጉብዝናቸው ዘመን አንድ ጠረጴዛ ተጋርተው የፊደል ግድፈት የሚያርም ፕሮግራም አብሯቸው የሠራው ነው። ፕሮግራሙን ማንም በነጻ ይጠቀምበታል፤ ያወቀበትም ውስጡን ከፍቶ ያሻሽለዋል። አሻሻዮቹ የሚመካከሩት በጋራ የኢሜይል መድረክ ነው፤ አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል። የመድረኩ አዛዥ ናዛዥ ደግሞ ጋሼ አራሚ ናቸው።

ልጅቷም በዚያው ሙያ የተማረች ናት። ተነስታ እጅ ነስታ ስለ ጤናቸው ጠየቀች። እሳቸው ግን አላስችል ብሏቸው ስለ አባቷ ጠየቁ። ስሙን ከመድረኩ ሰርዞ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ምን አስቀየምኩት እያሉ ሲብሰለሰሉ ከርመዋል፤ ደውለው እንዳይጠይቁ ደግሞ ኩራት ያዛቸው። እውነቱን ለመናገር፣ የእሱን ያህል ማንም ናፍቋቸው አያውቅም።

«አባዬ አልተቀየመም፣ ጋሼ» አለች። «መድረኩ ላይ ይቆይ የነበረው ከእርስዎ ጋር ሊጫወት ነው። የእርስዎን ቃል ለማግኘት ግን የስንቱን ‹እኔም እስማማለሁ› ያንብብ? ፈልጎ ፈልጎ ሰለቸው።»

አይ ‹እኔም እስማማለሁ›! ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ጋሼ አራሚ ናቸው። አንድ ሐሳብ ሲቀርብ እያንዳንዱ አባል መስማማቱን ጽፎ ካልገለጸ አይጸድቅም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚበቁ ሰዎች ደግ ደንብ ነበር፤ ማን እንዳኮረፈ እንኳ ይታወቅበታል። ዛሬ ግን አባላቱን አዳራሽ አይበቃቸውም። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ትስተካከል ሲባል የኢሜይል ጎርፍ ይወርዳል፤ በዚያ መሃል ቁም ነገር የጠየቀ ጀማሪ የሚመልስለት አጥቶ፣ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል።

ጋሼ በዋዛ አልተረቱም። ሰው ካልተናገረ ልቡን በምን እናውቃለን ብለው ተከራከሩ። ልጅቷ በትህትና አስረዳች፦ የሚቃወም ይጻፍ፣ ቀን ይቆረጥለት፣ እስከዚያ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠር። የጀማሪ ጥያቄና የሥራ ውሳኔ ለየብቻ መድረክ ይኑራቸው። ረጅም ክርክር ሲያበቃም አንድ ሰው ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ይጻፍ፣ የቀረው ሰው ከላይ እስከ ታች እንዳይዳክር። እንዲህማ ከሆነ መድረኩ መቃብር ሆነ በይኛ ብለው አሾፉ ሽማግሌው። ወዲያው ግን ድምፃቸው ሰለል አለ።

«ልንገርሽ ልጄ፣ ቤቴ ውስጥ ሰው የለም። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ያ ሁሉ ‹እኔም› ሲንጋጋ ሰው የጠየቀኝ ይመስለኛል። ዝም ካለ ምን ይውጠኛል?»

«ከዚያ ሁሉ መሃል» አለች ልጅቷ፣ «‹እርስዎስ ደህና ነዎት?› ብሎ የጻፈልዎት አለ?»

ጋሼ አሰቡ፣ አሰቡ። አንድም ሰው ትዝ አላላቸውም።

ቤታቸው ገብተው አዲሱን ደንብ ጻፉ። አዲሱ እስኪጸድቅ የሚሠራው አሮጌው ነውና፣ መቼስ ምን ይደረጋል፣ ‹እኔም እስማማለሁ› ለመጨረሻ ጊዜ ጎረፈ። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ጀማሪው የሚመልስለት አገኘ፤ ተረስቶ የኖረው ስህተት ሁሉ ተራ በተራ ታረመ፤ ሰልችተው የወጡ አባላትም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ወዳጃቸው ግን ከተመለሱት ውስጥ የለም። የጋሼም ቤት አብሮ ጸጥ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ናፍቆቱ ባሰባቸውና ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ደወሉ።

«ምነው፣ መድረኩ ተበላሸ እንዴ?» አለ ወዳጃቸው።

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ?»

«ምንም። ናፍቀኸኝ ነው።»

«ይህችን ለማለት ነው እስከ ዛሬ የቆየኸው?» አለ፤ ድምፁ ግን ለቁጣ አልሆን አለው።

ያን ቀን ጋሼ አራሚ ለመድረኩ አንድም ቃል አልጻፉም። መድረኩም ያለ እሳቸው ሥራውን ሲሠራ ዋለ።