የየሺዓለም ጥርስና የአቶ አብተው ሙግት

በ1978 ዓ.ም. በጋ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በናዝሬት አውቶቡስ ተራ ሳልፍ ዓለም ጤና ከሚባለው የስምጥ ሸለቆ ከተማ የመጡትን ሽንኩርት አምራች አቶ አብተውን አገኘኋቸው። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን የሺዓለምን እጇን ይዘው ወደ ገበያው ይገሰግሳሉ። ልጅቷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታለቅሳለች። ምን ሆና እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ትናንት ማታ ከቦይ ድልድይ ላይ ወድቃ የላይኛው የፊት ጥርሷ እኩሌታው እንደተሰበረ ነገሩኝ። የሚወስዷትም በጉጠት ጥርስ ወደሚነቅል የገበያ ሰው ነበር።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ይህ ጥርስ የወተት ጥርስ ስላልሆነ ከተነቀለ እንደማይተካ፣ ልጅቷም ዕድሜ ልኳን አፏን በእጇ ከልላ እንደምትስቅ ነገርኳቸው። እዚሁ ሆስፒታል ዶክተር ጉዲቱ የምትባል የጥርስ ሐኪም አለች፣ እኔው ያስተማርኳት፣ ከዚያም ኩባ ድረስ ሄዳ ተምራ የተመለሰች ናት አልኳቸው። ይህን ስናገር ደረቴ መነፋቱ አልቀረም።

«መምህር፣ ሐኪሞቹን አይቻቸዋለሁ» አሉኝ ረጋ ብለው። «አምና አዲስ አበባ የመንጋጋዬን ሥር እናጠራለን ብለው ከፈቱት፤ ሲጎረጉሩ ውለው መርፌው አልገባ ሲላቸው መልሰው ነቀሉት። የጥርስ ሥር ድፍን ነው። ይቺን ልጅ ሁለት ጊዜ ከማሰቃያት አንዴ ይገላግሏት። ደግሞስ ይህን ጥርስ ይዩት፤ ውሃችን ገና በልጅነቷ ቡናማ አድርጎታል። ምኑ ይተርፋል ብለው ነው?»

አቶ አብተው ከመንዝ ነጭ ጥርስ ይዘው የመጡ ሰው ናቸውና በስምጥ ሸለቆ የበቀለውን ጥርስ ሁሉ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል። ባለ ጉጠቱ የትም አይሄድብዎትም፣ ሰምተው ይመለሳሉ ብዬ እየጎተትኩ ወደ ሆስፒታሉ ወሰድኳቸው።

ዶክተር ጉዲቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «አካም ቡልተን፣ አባባ» ስትል በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ብላ እጅ ነሣቻቸው። ፈገግ ስትል ጥርሷ ቡናማ ነው። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺም የዚሁ ውሃ ልጅ ነሽ?»

«የመቂ ልጅ ነኝ። ቀለሙ ጥርስ አያስነቅልም፤ እኔን ይዩኝ» አለቻቸው።

ከዚያም የልጅቷን ጥርስ ራጅ አነሣች። የአዲስ አበባውን ነገር ስነግራት የእርሳቸውንም አንድ የፊት ጥርስ አነሣችና ሁለቱን ፊልሞች መብራቱ ላይ ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

«በሥሩ መካከል የሚታየው ጥቁር መስመር ቦይ ነው፤ ውስጡ ሕይወት ያለው ሥጋ አለ። የእርስዎ ቦይ ክር አክሏል፣ ጫፉ ላይ ጭራሽ አይታይም። የየሺዓለም ግን ሰፊ ነው፤ ከታችም ገና አልተዘጋም።»

«ሁለቱም ጥርስ አይደሉም እንዴ?»

«ጥርስ ናቸው፤ የተለያዩት በዕድሜ ነው። ጥርስ ሥሩን የሚጨርሰው ከድድ ከወጣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ከጨረሰም በኋላ ያ ሥጋ የቦዩን ግድግዳ ከውስጥ በስሱ ሲለስነው ይኖራል። የእርስዎ መንጋጋ መርፌ አላስገባ ያለው ዕድሜ ስላጠበበው ይሆናል።»

«ደለል እንደሞላው ቦይ በይኛ» አሉ አቶ አብተው፤ ሽንኩርት ሲያጠጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ደለሉን ጥርሱ ራሱ ይሠራዋል እንጂ ልክ ነዎት» አለች። ቀጥላም የልጅቷ ጥርስ ውስጥ ያለው ሥጋ ገና እንዳልሞተ፣ የሥጋውን የተጎዳ ጫፍ ብቻ አንሥታ በመድኃኒት ብትሸፍነው ሥሩ ሊያድግ እንደሚችል አስረዳቻቸው። ከዘገየ ግን ሥጋው ይሞታል፤ ሥሩም ስስ ሆኖ ይቀራል።

ሽማግሌው ፊልሞቹን እያፈራረቁ ብዙ አዩ። በሕይወታቸው ተሳስቻለሁ ማለት የሚወዱ ሰው አልነበሩም።

«እኔ በሽማግሌ ጥርስ የሕፃን ጥርስ ፈርጄ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሥሪላት፣ ልጄ።»

ልጅቷ የማደንዘዣውን መርፌ ስትወጋ እጃቸውን ጨምቃ ያዘች። ሥራው ሲያልቅ የተሰበረው ክፍል ተሞልቶላት በመስተዋት አየችና ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። እኔማ ያስተማርኳት ልጅ የአገሯን ልጅ ስታክም ቆሜ በማየቴ ኩራቴን የምደብቅበት አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በዓለም ጤና ጥርሱ የተሰበረ ልጅ ወደ ጉጠት አይሮጥም። አቶ አብተው በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሳይቀር እየተነሡ ይሟገታሉ፦ የልጅ ጥርስ የቡናማነቱ ነገር አያሳስባችሁ፣ ሥሩ ገና በማደግ ላይ ነው፣ በዚያው ዕለት ለሐኪም ካሳያችሁት ይተርፋል እያሉ። በዚህ ምክር አፋቸው ሳይጎድል የቀሩ ልጆች አሉ።

በቀጣዩ ዓመት ለክትትል ሲመጡ እኔም ነበርኩ። ዶክተር ጉዲቱ አዲሱን ፊልም መብራቱ ላይ አድርጋ የሥሩ ጫፍ መዘጋቱን አሳየቻቸው። አቶ አብተው ጥርሱ እስከ መቼ እንደሚያገለግላት ጠየቋት።

«ከተጠነቀቀችለት እርስዎን እስክታክል፣ አባባ። ያን ጊዜ የእሷም ቦይ ክር ያክላል።»

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ያን ጊዜ እኔ የለሁም» አሉ። «እሷ ግን አፏን ሳትሸፍን ትስቃለች።»